መጤ አረምና የሳነቴ መንገድ

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ስሙ የሚነሣው በቀይ ቀበሮና በደጋ አጋዘን ነው። ስለ መጤ አረም ብዙ አይወራም፤ ሊወራ ግን ይገባል።

እስካሁን የፓርኩን የሳነቴ አምባ ከመጤ አረም የጠበቀው ብርዱ ነው። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ፣ ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት ሜዳ፣ ጅብራ ይበቅላል እንጂ የቆላ አረም አይመቸውም። ይሁንና ከጎባ ተነሥቶ ሳነቴን አቋርጦ፣ በሪራና በሐረና ደን በኩል ደሎ መና የሚወርደው መንገድ ቆላውን ከደጋው ያገናኛል። በዓለም ተራሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ከፍታ ላይ የሚገኙ መጤ ተክሎች አብዛኞቹ ከቆላ ተነሥተው በመንገድ ዳር ሽቅብ የወጡ ናቸው። ለምሳሌ ፓርቲኒየም የተባለው መጤ አረም ዘሩ ደቃቅ ነው፤ በጎማ ጭቃና በእህል ጆንያ ይጓዛል። አንዱ ተክል በሺዎች የሚቆጠር ዘር ያፈራል፤ የበላችው ላምም ወተቷ ይመራል።

የዘገየ ምን እንደሚገጥመው ጣና አሳይቶናል። እንቦጭ የተባለው የውሃ አረም በሐይቁ ላይ በ2003 ዓ.ም ታየ፤ በጥቅምት 2013 ግን አገር አቀፍ ዘመቻ ግድ ሆነ።

ከሁሉ በላይ የሚያነጋግረው ፕሮሶፒስ የተባለው የአፋሩ መጤ ዛፍ ነው። በረሃውን ያለማል ተብሎ መጥቶ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ሸፈነ፤ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክም ስጋት ሆነ። «እየተጠቀምንበት እንቆጣጠረው» ያሉ ወገኖች ከሰል እንዲከሰል፣ ፍሬውም ተፈጭቶ ለከብት መኖ እንዲውል መከሩ። ሐሳቡ ለአርብቶ አደሩ ገቢ ያስገኛል፤ እኔን ግን አያሳምነኝም። ዛፉ ከሥሩ ካልተነቀለ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ፍሬው ሳይፈጭ ከተበላ ዘሩ በከብቱ ሆድ አልፎ በእበት ይበተናል። ከሰል የሚያከስለው ሰው አገር በቀሉን ግራርም አይምርም፤ ዛፉ እንጀራው ከሆነ ደግሞ እንዲጠፋ ለምን ይሻል?

በፓርቲኒየም ላይ የተለቀቁት ቅጠል በል ጥንዚዛዎች ተስፋ ሰጪ ናቸው፤ ግን ለቆላው ማሳ እንጂ ለሳነቴ መፍትሔ አይደሉም። የጎባ ነዋሪ ባህር ዛፍ ጉዳይም ሌላ ነው፤ ማገዶውና የቤት ማገሩ ስለሆነ በጓሮው ንቀል የሚለው የለም፤ በፓርኩ ክልል ውስጥ ግን መተከል የለበትም።

ለባሌ የሚበጀው ከዘመቻ በፊት የሚደረገው ሥራ ነው። የፓርኩ ስካውቶች ፓርቲኒየምን በችግኝነቱ ለይተው አበባ ሳያወጣ በጓንት ይንቀሉት፤ ለመንገዱ ጥገና የሚጫነው አፈርና ጠጠርም ከየት እንደሚመጣ ተጣርቶ፣ አረም ካለበት ቦታ እንዳይጫን ይከልከል።