አዲስ ንቅሳት እስኪድን ድረስ እንዴት እንደሚጠበቅ

ንቅሳት ማለት ገላን በመርፌ ወይም በእሾህ እየጠቀጠቁ በተወጋው ስፍራ ጥላሸት ወይም ሌላ ቀለም አግብቶ የማይጠፋ ምልክት ማድረግ ነው። በኢትዮጵያም በትግራይ፣ በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ ሴቶች በግንባራቸው መስቀል፣ በአንገታቸው እንደ ድሪ የተደረደረ ሐረግ፣ በድዳቸውም ጥቁር ቀለም ሲነቀሱ ኖረዋል። ልማዱ ግን የአንድ አገር ብቻ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1991 ዓመት በአውስትሪያና በኢጣልያ ድንበር ባለው ተራራ በበረዶ ውስጥ የተገኘው፣ ከሞተ ከ5,000 ዓመት በላይ የኾነው ሰው ገላ 61 ንቅሳት ተቈጥሮበታል፤ ቀለሙም እንደ ባላገር ነቃሽ ቀለም ጥላሸት ነው።

ንቅሳት ጌጥ ቢባልም በተነቀሰበት ቀን ግን ቁስል ነው። ይህን የሚዘነጋ ሰው ብዙ ነው። ነቃሿ ሥራዋን ጨርሳ ስትሄድ ነገሩ ኹሉ ያለቀ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ምልክቱ የሚያምረው ወይም የሚበላሸው፣ የተነቀሰችውም ልጅ በደኅና የምትከርመው ወይም የምትታመመው ከዚያ ወዲያ ባሉት 3 ወይም 4 ሳምንቶች ነው።

የሰው ቆዳ ድርብ ነው። የላይኛው ሳይታወቅ እየረገፈ በአንድ ወር ያህል ይታደሳል፤ ቀለሙ በዚያ ቢቀር ኖሮ በጥቂት ሳምንት ተጠርጎ በሄደ ነበር። መርፌው ግን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ጠልቆ የደም ሥር ወዳለበት ወደ ታችኛው ቆዳ ይደርሳል። እዚያም ገላ ጥላሸቱን እንደ ባዕድ ነገር ስለሚቈጥረው፣ ጠላትን በመዋጥ ሥራቸው የታወቁት የገላ ጠባቂ ሕዋሳት ይውጡታል፤ ነገር ግን ሊፈጩት ስለማይችሉ እንደ ያዙት በስፍራቸው ይቀራሉ። አንዱ ሲሞት የጣለውን ቀለም ሌላው መልሶ ይውጠዋል፤ ይህም በ2018 ዓመት በማርሴይ ከተማ በአይጦች ላይ በተደረገ ምርመራ ታይቷል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ጥላሸቱ የገባበት ቀዳዳ ኹሉ እድፍም ሊገባበት የሚችል የተከፈተ በር መኾኑ ነው። በአንድ የአንገት ንቅሳት እንዲህ ያለው በር እጅግ ብዙ ነው።

ስለ አጠባበቁ ከመናገር አስቀድሞ ስለ መርፌው ጥቂት ሊባል ይገባል፤ በመርፌ የገባውን በሽታ በኋላ የሚደረገው ጥንቃቄ አያስወጣውምና። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት በሽታ ተዋሲ በደረቀ ደም ውስጥ 7 ቀን ያህል ሳይሞት ይቈያል። ኤች አይ ቪም ከአንዱ ደም ወደ ሌላው በመርፌ ይተላለፋል። ስለዚህ በአንድ ቀን ብዙ ልጃገረዶችን ተራ በተራ በአንድ መርፌ መንቀስ እጅግ የሚያስፈራ ነገር ነው፤ መርፌውን በጨርቅ መጥረግ ወይም በአረቄ ማበስም አይበቃም። ለእያንዳንዱ ሰው ከነመጠቅለያው የመጣ አዲስ መርፌ፣ ለእያንዳንዱም በልዩ ዕቃ የተቀዳ ቀለም ያስፈልጋል። እኅትማማቾች ቢኾኑ እንኳ እንዲሁ ነው።

በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀኖች የተነቀሰው ስፍራ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ እንደ ውኃ ያለ ነገርም ከጥቂት ቀለም ጋራ ያዣል። ይህ ገላ ራሱን የሚጠግንበት ሥራ ነውና ሊያስደነግጥ አይገባም። የሚደረገውም ነገር ቀላል ነው። አስቀድሞ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ከዚያም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃና በሳሙና ስፍራውን በመዳፍ ቀስ አድርጎ ጧትና ማታ ማጠብ፣ በኋላም ታጥቦ በፀሐይ በደረቀ ንጹሕ ጨርቅ ሳይፈትጉ ጫን እያደረጉ ማድረቅ ነው። ዝንብ የሚበዛበት ቤት እንደ ኾነ ስስ ንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጎ መሸፈን ይገባል፤ ጨርቁም በየቀኑ ይለወጣል። ቆዳው ደርቆ መወጠር ሲጀምር ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ቫዝሊን እጅግ በስሱ ቢቀቡት ይለዝባል። አብዝቶ መቀባት ግን ቁስሉን እያረጠበ ያዘገየዋል።

በብዙ ቤት ግን የሚደረገው ሌላ ነው። በቁስሉ ላይ ቅቤ ይቀባል፤ አንዳንዱም አመድ ይነሰንሳል ወይም እበት ይለጥፋል። ቅቤ ለምግብ የከበረ ነገር ነው፤ ነገር ግን አቧራን ይስባል፣ ከወተቱና ከዕቃው የመጣ ተዋሲም አያጣውም። እበቱ ግን ከኹሉ ይከፋል። ስለምን ቢሉ መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው በሽታ ተዋሲ በአፈርና በከብት ፋንድያ ውስጥ ይኖራል፤ እንደ ዘር ኾኖም ብዙ ዓመት ሳይሞት ይቈያል፣ የፈላ ውኃም በቶሎ አያጠፋውም። አየር በማያገኘው ጠባብና ጥልቅ ቁስል ውስጥ ሲገባ ይነቃል፣ መርዙንም ያመነጫል። መርፌ የወጋው ቀዳዳ ለእርሱ የተመቸ ነው። በሽታው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ይገለጣል፤ መጀመሪያ መንጋጋ ይተሳሰራል፣ መዋጥ ያስቸግራል፣ አንገትም ይደርቃል፣ ከዚያ በኋላ መላ ገላ ይገተራል። በዚህ ጊዜ ቁስሉ ሽሮ ሊኾን ይችላልና ዘመዶች ከንቅሳቱ የመጣ መኾኑን ላይጠረጥሩ ይችላሉ። አንዲት ልጅ አፏን መክፈት ተቸገርሁ ካለች አንድ ሌሊት እንኳ ሳያሳድሩ ወደ ሐኪም ማድረስ ያስፈልጋል። መከላከያው ክትባት ነው፤ ለመውለድ ዕድሜ የደረሱ ሴቶች በየጊዜው 5 ጊዜ የሚከተቡት ይኸው ነው። ከመነቀስ በፊት ክትባቱን መጨረስ የንቅሳቱን ቀለም ከመምረጥ ይበልጣል።

ከ4ኛው ቀን እስከ 14ኛው ቀን ያህል ስስ ቅርፊት ይይዛል፣ ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላጣል፣ እጅግም ያሳክካል። ትዕግሥት የሚፈተነው በዚህ ጊዜ ነው። ቅርፊቱን በጥፍር የሚልጥ ሰው ከሥሩ ያልጠናውን ቀለም አብሮ ስለሚያነሣው ሐረጉ ቦታ ቦታ እየተቈረጠ ይቀራል፤ በጥፍር ሥር ያለውም እድፍ ቁስሉን ያመረቅዘዋል። ዳግመኛም ጥቁር ገላ ያለው ሰው የተቈሰለው ስፍራ ከልክ በላይ አብጦ የሚቀር ጠባሳ ሊያወጣ ይችላል፤ መላልሶ ማከክም ይህን ያባብሳል። ሲያሳክክ በመዳፍ ቀስ አድርጎ መምታት ወይም በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ማኖር ያስታግሣል። በወንዝና በኩሬ መዋኘት ቅርፊቱ ኹሉ እስኪረግፍ ይቅር።

አንገቷን የተነቀሰች ሴት ሌላም ማሰብ የሚገባት ነገር አላት። ላብ የጠጣ የማተብ ክር ቁስሉን እየፈተገ ያውካል፤ በታጠበና ረዘም ባለ ክር ቢለወጥ ማተቡ አይቀር፣ ቁስሉም አይነካ። በራስ ላይ የተቀባ ቅቤ በፀሐይ ሲቀልጥ ወደ አንገት ይወርዳልና ለ3 ሳምንት ቢታገሡት መልካም ነው። የእንስራ ማዘያና የእንጨት ሸክም ገመድም እንዲሁ ይፈትጋል። ይህን የሚችል ቤት ኹሉ አይደለም፤ ቢኾንም ውኃ መቅዳቱን ለአንድ ሳምንት ወንድሞች ቢሠሩት ማንንም አይጐዳም።

የድድ ንቅሳት አጠባበቁ ልዩ ነው። በሳሙና አይታጠብም፤ ፈልቶ ለብ ባለ ውኃ ጥቂት ጨው አሟሙቶ ከምግብ በኋላ መጉመጥመጥ ይበቃል። በርበሬ፣ የሚያቃጥል ቡናና ቆሎ ለጥቂት ቀን ይቅሩ፤ አጥሚት ወይም የቀዘቀዘ ሾርባ ይስማማል። መፋቂያውም ጥርስን ብቻ እንጂ ድድን እንዳይነካ ያስፈልጋል። የአፍ ሥጋ ቶሎ ይድናልና ብዙ ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ ይሽራል። ንቅሳቱ ድድን ያጠነክራል የሚለው ነገር ግን እውነት አይደለም። ድድን የሚያደማው በጥርስ ሥር የሚጠራቀመው እድፍ ነው፤ እንዲያውም ጥቁሩ ቀለም የድድን መቅላት ስለሚሸፍን በሽታው ሳይታይ ሊቈይ ይችላል።

የተበላሸ ንቅሳት ምልክቱ ይታወቃል። ደኅናው ከ3ኛው ቀን በኋላ እለት እለት እየቀለለው ይሄዳል፤ የተበላሸው ግን ሕመሙና እብጠቱ ይጨምራል፣ መግል ይይዛል፣ ይሸታል። በጥቁር ገላ ላይ መቅላቱ ጐልቶ አይታይምና በእጅ ጀርባ ዳስሶ ሙቀቱን ከሌላው ስፍራ ጋራ ማስተያየት ይሻላል። በአንገት ወይም በብብት ንፍፊት ቢወጣ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ቢመጣ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ሐኪሙ የሰጠው መድኃኒት ሕመሙ ቢቀልል እንኳ እስከ መጨረሻው ይዋጣል እንጂ ለሌላ ጊዜ አይቀመጥም።

ቅርፊቱ ከረገፈ በኋላ ምልክቱ ደብዝዞ፣ እንደ ጭጋግ የለበሰ ኾኖ ይታያል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ቀለሙ አልያዘም ብለው ሁለተኛ ለመወጋት ይቸኩላሉ። ይኸውም አዲስ የበቀለው የላይኛው ቆዳ ገና ስላልጠራ ነው፤ የታችኛው ቆዳ ፈጽሞ እስኪጠገን 2 ወይም 3 ወር ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ በነጠላ ከፀሐይ እየጋረዱ መጠበቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ የጐደለ ሐረግ ቢኖር ያን ጊዜ በግልጥ ይታያል።