ጠብታው ራሱ የሚያሰምረው መስመር

ለእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች «አበባየሆሽ» እያሉ ሲዞሩ፣ ወንዶች ልጆች ደግሞ በቀለም የሳሉትን ፀሐይ፣ መልአክና አደይ አበባ ለጎረቤት እያደሉ ሳንቲም ይቀበላሉ። ፍኖተ ሰላም ያለው የእህቴ ልጅ ግን ዘንድሮ ሌላ ሐሳብ መጣለት፤ አበባውን ለብቻው ቀብቶ፣ በመቀስ ቆርጦ ካርቶን ላይ መለጠፍ። በውሃ ቀለም የቀባቸው የአበባ ቅጠሎች ግን ልሙጥ ቢጫ ሆኑ፤ ሲለጠፉ ሕይወት የላቸውም። አንዱ ብቻ ከሁሉም ይለያል። ከብሩሹ ወርዶ ማንም ሳይነካው የደረቀ ወፍራም ጠብታ ነው፤ ዙሪያውን ጠቆር ያለ ቀጭን ጠርዝ አውጥቷል።

«ይኼን ማን አሰመረልህ?» አልኩት።

«ማንም። ራሱ ነው፣ አክስቴ።»

መጀመሪያ የገመትነው ቀለሙ በክብደቱ ወደ ዝቅተኛው ጎን ወርዶ ይሆናል ብለን ነበር። ወረቀቱን ደልዳላ ጣውላ ላይ አድርገን ሌላ ጠብታ ጣልንበት፤ ጠርዙ በሁሉም በኩል እኩል ወጣ። እንግዲያው ወረቀቱ ውሃውን ሲመጥ የሚፈጥረው ነው ብለን በብርጭቆ ሳህን ላይ ሞከርን። ብርጭቆ ውሃ አይመጥም፤ ቀለበቱ ግን እዚያም መጣ። ይኼኔ ነው እናቴ ከረከቦቷ ቀና ብላ «ሳይታጠብ ያደረ ስኒ አይታችሁ አታውቁም? ቡናው ዳር ዳሩን ነው የሚይዘው» ያለችን።

የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ተመራማሪ ሲድኒ ናጌልም ወደዚሁ ጥያቄ የገባው በደረቀ የቡና ጠብታ ነው። ቡናው በጠብታው ሁሉ ተበታትኖ ሳለ፣ ሲደርቅ ለምን ዳር ላይ ይከማቻል? እ.ኤ.አ. በ1997 ሮበርት ዲገን፣ ናጌል፣ ቶማስ ዊተንና ባልደረቦቻቸው መልሱን «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት አሳተሙ። የጠብታው ጠርዝ ያረፈበትን ቦታ አጥብቆ ይይዛል። ውሃው ደግሞ ከመሃሉ ይልቅ በዳሩ ፈጥኖ ይተናል። ጠርዙ ወደ ውስጥ መሸሽ ስለማይችል፣ የጎደለውን ለመተካት ከመሃል ውሃ ይፈስሳል፤ የቀለሙን ቅንጣቶችም ይዞ ይሄዳል። ገበያ ሲበተን በር ላይ ያሉት በወጡ ቁጥር መሃል ያሉት ወደ በሩ እንደሚገፉ ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ውሃው ወጥቶ ይሄዳል፤ ቅንጣቱ ግን በሩ ላይ ይቀራል።

ማብራሪያው እውነት ከሆነ፣ ጠርዙ መያዣ ሲያጣ ቀለበቱም መጥፋት አለበት። ወረቀቱን በጧፍ አሸነውና ጠብታውን ጣልንበት። ሰሙ ላይ እንደ ዶቃ ተሰበሰበ፤ እየደረቀ ሲሄድ ዳሩ ወደ ውስጥ ሸሸ፤ በመጨረሻም አንዲት ነጥብ ብቻ ቀረች። ከዚሁ ሙከራ ሌላም ትርፍ አገኘን። በጧፍ ጫፍ ቀጫጭን መስመር ስበን በላዩ ላይ ብንቀባ፣ ሰም የነካው ቦታ ቀለም አይቀበልም፤ የአበባው ቅጠል ነጭ ጅማት ያወጣል።

ከዚያ ወደ ጓዳ ገባን። ቀዝቃዛ ጥቁር ቡና ልክ እንደተጠበቀው ደማቅ ጠርዝ ሰጠ። የቡሬ በርበሬ ግን ሌላ ነገር አሳየን። የበርበሬ ቅላት በዘይት እንጂ በውሃ አይሟሟም፤ ወጥ የሚያቁላላ ሰው ሁሉ ዘይቱ ሲቀላ ያየዋል። ውሃ ውስጥ ስንበጠብጠው ሻካራው ቅንጣት ለጅረቱ ስለከበደ በወደቀበት ቀረ፤ ወረቀቱም በቀለበት ፈንታ ቀይ ነጠብጣብ ለበሰ። እርድ ቢጫ ሰጠን። ቢጫው ላይ የአመድ ውሃ ወይም የሳሙና ውሃ ጠብ ሲደረግበት ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል፤ የአበባውን መሃል ለማጥቆር ከዚህ የሚቀል መንገድ አላገኘንም። እርድ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይደበዝዛልና ካርዱ ከመስኮት ይራቅ። የሱቁ የውሃ ቀለም ወረቀት ላይ የሚጣበቀው ብዙውን ጊዜ በግራር ሙጫ ስለሆነ፣ ለጓዳው ቀለምም ጥቂት ሙጫ በውሃ አሟሙተን ጨመርን።

የቅንጣት ጠባይ ውጤቱን እንደሚለውጥ ሳይንቲስቶችም ደርሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ2011 በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ፒተር ዩንከር፣ አርጁን ዮድና ባልደረቦቻቸው በዓይን የማይታዩ የፕላስቲክ እንክብሎችን ሳብ አድርገው ሞላላ አደረጓቸው። ክቦቹ እንደተለመደው ዳር ላይ ሲከማቹ፣ ሞላላዎቹ በውሃው ገጽ ላይ እርስ በርስ ተያይዘው ወደ ጠርዙ መጓዛቸውን አቆሙ፤ ጠብታው ከሞላ ጎደል ወጥ ሆኖ ደረቀ። ለማተሚያ ቀለምና ለቅብ ሥራ ትልቅ ነገር ነው፤ እዚያ ቀለበት አይፈለግማ።

እኛ ግን የምንፈልገው ቀለበቱን ነው። የጎጃም ጸሐፍት በብራና ላይ ሐረግ ሲሠሩ መስመሩን የሚያወጣው የሠዓሊው እጅ ነው። በዚህ ሥራ ግን መስመሩን የሚያወጣው ውሃው ስለሆነ፣ ለእጅ የሚቀረው የውሃውን ልክ መወሰን ነው። ጠርዝ ያለው ቅጠል ሲፈለግ ደረቅ ወረቀት ደልዳላ ቦታ ላይ ይደረጋል፣ ቀለሙ ሞላ ተደርጎ ይፈስሳል፣ እስኪደርቅም አይነካም። ጠርዝ የሌለው ሲፈለግ ወረቀቱ አስቀድሞ በሙሉ ይረጥባል፤ ቀለሙም የሚቆምበት ዳር አጥቶ እየሳሳ ይሰራጫል።

የእህቴ ልጅ አሁን ሁለቱንም በአንድ ካርድ ላይ ያውላል። ለስላሳውን ከሥር ለሰማይ ይለጥፋል፤ ባለ ጠርዙን ከላይ ለአደይ። መቀሱንም በጠቆረው መስመር ላይ ሳይሆን ከእሱ ወጣ አድርጎ ይነዳዋል፤ ውሃው የሠራው መስመር ተቆርጦ እንዳይቀር።