ስለ ኩሬ ምንጣፍ ልሙጥነትና ሸካራነት

በነቀምት፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ዙሪያ ክረምቱ ብርቱ፣ በጋው ደረቅ ስለ ሆነ፣ የዝናቡን ውሃ በኩሬ ማቆየት ይጠቅማል። ውሃው እንዳይሰርግ የሚነጠፈው ጂኦሜምብሬን የተባለው ፕላስቲክ ነው። ገዢው ሁሉ ውፍረቱን ይጠይቃል እንጂ ፊቱን አይመለከትም፤ ስሕተቱም ከዚህ ይጀምራል።

ልሙጡ ፕላስቲክ አብሮት ከሚነጠፈው ካልተሸመነ ጨርቅ ጋር ያለው ሰበቃ ጥቂት ነው፤ ዳገቱ ከ10 ዲግሪ ያህል ሲያልፍ፣ በላዩ የለበሰው አፈር ሊንሸራተት ይችላል። በሦስት ክንድ ርቀት አንድ ክንድ የሚወጣ ዳገት ግን 18 ዲግሪ ያህል ነው። የሸካራው ጥቃቅን እብጠቶች፣ ጭጎጎት ልብስን እንደሚይዝ፣ የጨርቁን ክር ስለሚይዙ እስከ 25 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይጸናል።

በ1980 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ፣ ኬትልማን ሂልስ በተባለው ስፍራ የተከመረ ጥራጊ በምንጣፉ ድርብርቦች መካከል ተንሸራትቶ ወርዷል። ምንጣፉን የሠሩት ባለሙያዎች መሆናቸውም አላዳነውም።

ሸካራው ዋጋው ይበልጣል፤ ስለዚህ ለወለሉ ልሙጡ፣ ለዳገቱ ሸካራው ቢታዘዝ ይበቃል። ልሙጡ አስቀድሞ በተነጠፈበት ኩሬ፣ ሰው ተንሸራቶ ቢገባ መውጫ እንዳያጣ፣ ዙሪያው ይታጠር፤ ቋጠሮ ያለው ገመድም ከዳር ታስሮ ወደ ውሃው ይውረድ።