የራዲያተር ክዳን፦ ከወረታ ወደ ጉና ለሚወጣ ሰው

ወረታ የሦስት መንገዶች መገናኛ ናት። አንዱ ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል፤ ሌላው በአዲስ ዘመን አድርጎ ጎንደር ይገባል፤ ሦስተኛው በደብረ ታቦርና በጋሸና በኩል ወልድያ ያደርሳል። ሁለቱ ከከተማዋ ሲወጡ የፎገራን ሜዳ ይዘው ስለሚሄዱ ሾፌሩ የጉማራንም ሆነ የርብን ወንዝ የሚሻገረው ሞተሩ ሳይጨነቅ ነው። ሦስተኛው ግን ዳገት ነው። ጃንሆይ በ1964 ዓ.ም ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተገኘ እርዳታ የተሠራው፣ ሾፌሩ ሁሉ ዛሬም «የቻይና መንገድ» የሚለው፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ይህ መንገድ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ካለችው ወረታ ተነሥቶ ደብረ ታቦር ሲደርስ 2,700 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ከዚያም የጉና ተራራን ጥግ ይዞ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል።

ዓለም በርን አልፎ ባለው ዳገት ላይ ኮፈኑን ከፍቶ፣ እንፋሎት እየተነነ የቆመ መኪና ማየት የተለመደ ነው። ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ውሃ ፍለጋ ወርዷል። ሾፌሩ ስልክ ላይ ነው። ከተሳፋሪው አንዱ «ቴስታታ ነው»፣ ሌላው «የውሃ ፓምፕ ነው» ይላል። እኔ አስቀድሜ የማየው ግን ከሁሉም ርካሽ የሆነውን፣ በመዳፍ የሚያዘውን የራዲያተር ክዳን ነው። ከመኪና ዕቃ ሁሉ እንደ እሱ የተናቀ አላውቅም።

ሌላውን የመኪና እንክብካቤ ማንም የሚያውቀው ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው። የሞተር ዘይት ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ ይታያል። የጎማ ንፋስ ጎማው ሳይሞቅ ይለካል፤ ትርፍ ጎማውም አይረሳ። የፍሬን ዘይት ከጎደለ መጨመር ብቻ አይበቃም፣ የት እንደሄደ ይፈለጋል። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ሲወረድ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ በከባድ ማርሽ ይወረዳል። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ በፍሪ የሚለቅ ሾፌር ግን የሚቆጥበው ጥቂት ሳንቲም ነው፤ ሸክሙን ሁሉ የሚጥለው ፍሬኑ ላይ ነው፤ ፍሬን ደግሞ ከልክ በላይ ከጋለ አይዝም። ይህን የሚያደርግ ሰው ሕዝብ ጭኖ ሲሄድ ሳይ በጣም ያናድደኛል።

አሁን ወደ ክዳኑ።

ብዙ ሰው የራዲያተር ክዳን ውሃው እንዳይፈስ የሚከድን ነገር ብቻ ይመስለዋል። ዋና ሥራው ግን ሌላ ነው፤ ግፊት መያዝ። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚባለው በባሕር ጠረፍ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ ቶሎ ይፈላል። ወረታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ደብረ ታቦር ላይ በ91፣ ጉና ሥር 3,000 ሜትር ላይ ደግሞ በ90። የደጋ እናቶች ባቄላ ለማብሰል ከቆላዎቹ ይበልጥ ማገዶ የሚፈጁት በዚህ ምክንያት ነው፤ ድስቱ ይንተከተካል እንጂ ውሃው እንደ ቆላው አይግልም።

ይህን ከሞተር ጋር አገናኙት። ጤነኛ ሞተር የሚሠራው ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው፤ ዳገት ላይ ተጭኖ ሲወጣ ከዚያም ያልፋል። እንግዲህ ክዳኑ ግፊት የማይዝ ከሆነ ጉና ሥር ያለው ውሃ የሚፈላው ሞተሩ ምንም ሳይታመም፣ በደህናው የሥራ ሙቀቱ ላይ እያለ ነው። የፈላ ውሃ አረፋና እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሙቀትን እንደ ውሃ አይሸከምም። ከዚያ ወዲያ ሞተሩ እውነተኛውን በሽታ ይይዛል፤ የሞተሩ ራስ (ቴስታታው) ይጣመማል፣ በሥሩ ያለው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል።

ጤነኛ ክዳን ካለ ነገሩ ይለወጣል። በብዙዎቹ የጃፓን መኪኖች ክዳን ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፎ ታገኛላችሁ። ክዳኑ ከውጭው አየር በላይ ምን ያህል ግፊት አፍኖ እንደሚይዝ የሚናገር ቁጥር ነው። 0.9 የተጻፈበት ክዳን በደንብ ከያዘ፣ ወረታ ላይ በ94 ይፈላ የነበረው ውሃ እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል፤ ጉና ሥርም በ90 መፍላቱ ቀርቶ 113 አካባቢ ይደርሳል። ከሃያ ዲግሪ በላይ የሆነ መተንፈሻ ማለት ነው፤ የሚገኘውም በአንድ ሞላና በአንድ የጎማ ቀለበት።

ክዳኑን ገልብጣችሁ ብታዩት ሁለት በር አለው። ትልቁ በሞላ የተገፋው ነው፤ ግፊቱ ከተጻፈው ቁጥር ሲያልፍ ከፈት ብሎ ትርፉን ውሃ በቀጭኑ ቱቦ ወደ መጠባበቂያው ዕቃ ይለቃል። ሁለተኛው መሐሉ ላይ ያለችው የሳንቲም ግማሽ የማታህል ክብ ናት። ማታ ሞተሩ ሲበርድ ውሃው ይኮማተራል፣ ራዲያተሩ ውስጥ የመሳብ ኃይል ይፈጠራል፤ ያኔ ትንሿ በር ተከፍታ የወጣውን ውሃ ከመጠባበቂያው መልሳ ታስገባለች። እኔ በመኪና ውስጥ ከማውቀው አሠራር ሁሉ ይህን እወደዋለሁ። ያለ ኤሌክትሪክ፣ ያለ ኮምፒውተር፣ ቀን ያወጣውን ሌሊት ይመልሳል።

ሁለቱ በሮች ሲበላሹ የየራሳቸውን ምልክት ይሰጣሉ። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ ኮፈኑን ክፈቱና ከራዲያተሩ ወደ ሞተር የሚሄደውን ወፍራሙን የላይኛውን የጎማ ቱቦ (ማኒኮቶ) እዩ። እንደ ተመጠጠ ተጨምቆና ጠፍጥፎ ካደረ ትንሿ በር ደርቃ ተጣብቃለች ማለት ነው። መጠባበቂያው ዕቃ ሞልቶ ራዲያተሩ ሁልጊዜ የሚጎድል ከሆነም ውሃው ይወጣል እንጂ አይመለስም፤ ያው በሽታ ነው፣ ወይም ቀጭኑ ቱቦ ተቀዷል። በተቃራኒው መጠባበቂያው በትንሽ ዳገት እየሞላ የሚገነፍል ከሆነ የትልቁ በር ሞላ ደክሟል። አዲስ ክዳን ተደርጎለትም መገንፈሉን ካልተወ፣ ራዲያተሩም ሞተሩ ገና እንደተነሣ አረፋ የሚያወጣ ከሆነ፣ ያኔ በእርግጥ ጓርኒሲዮን ይጠርጠር።

ወረታ አንድ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ሚኒባስ መጣ። ሾፌሩ ወጣት ነው፤ ሌላ ከተማ ቴስታታ አስወርዶ፣ አስልጦ፣ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ዳገቱ ላይ መልሶ ሞቆበታል። ሽማግሌው መካኒክ ሞተሩ እስኪበርድ አስጠበቁትና ክዳኑን አወጡ። የታችኛው ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ በላዩ ላይ ደግሞ ታጥፎ የተደረገ ፌስታል አለ።

«ይህን ማን አደረገው?»

«ረዳቱ ነው ጋሼ፣ ውሃ ያንጠባጥብ ስለነበረ።»

«ልጄ፣ ቴስታታህ ምን አደረገህ? ሂድ፣ አዲስ ክዳን ገዝተህ ና።»

ገዝቶ መጣ፣ ተገጠመ፤ በማግሥቱ ደብረ ታቦር ወጥቶ ሲመለስ የሙቀት መርፌው ከመሐል አልተነቃነቀም።

ፌስታል፣ የተቆረጠ የውስጥ ጎማ፣ ጨርቅ፦ እነዚህ ሁሉ ውሃውን ለጊዜው ያግዱት ይሆናል፤ በሮቹን ግን ያሳውራሉ። በር የሌለው ክዳን ወይ ግፊት አይዝም፣ ወይ ከመጠን በላይ ይዞ ደካማውን ቦታ ያፈነዳል። ቁጥሩ ከፍ ያለ ክዳን ይሻላል ብሎ የሚገዛም አለ፤ ይህም ስሕተት ነው። ለ0.9 የተሠራ ራዲያተር፣ በተለይ የዛሬዎቹ አናታቸው ፕላስቲክ የሆነው፣ ከዚያ በላይ አይችልም። ቁጥሩም፣ የአንገቱ ርዝመትም ከመኪናችሁ ክዳን ጋር አንድ መሆን አለበት። አንገቱ ያጠረ ክዳን ላዩ ጥብቅ ብሎ ይዘጋል፣ ታች ግን መቀመጫው ላይ አይደርስም፤ የሚያሳስተውም እሱ ነው።

ከክዳኑ ጋር አብሮ የሚበደለው ቴርሞስታት ነው። «ለእኛ አገር ሙቀት አያስፈልግም» ተብሎ ስንቱ ቴርሞስታት ወጥቶ ተጥሏል! ቴርሞስታት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ዘግቶ ይይዛል፤ ብዙዎቹ 80 ዲግሪን ካለፉ በኋላ ይከፈታሉ። ሲወጣ ሞተሩ፣ በተለይ በደጋው ብርድ፣ ሳይሞቅ ይሠራል፤ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ውስጥ የገባው እርጥበት ሳይተን ይቀራል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል። የባሰው ደግሞ ይህ ነው፦ በብዙ ሞተሮች፣ የቶዮታ ብዙዎቹን ጨምሮ፣ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ከሥሩ ባለው ሳህን አቋራጩን መንገድ ይዘጋል። ቴርሞስታት ከሌለ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ከውሃው ከፊሉ ራዲያተር ሳይነካ ወደ ሞተር ይመለሳል። እንዳይሞቅ ተብሎ የተወገደው ዕቃ ዳገት ላይ የባሰ ያሞቀዋል። ቴርሞስታት ከተበላሸ ይለወጥ እንጂ አይጣል። ደህናነቱን ለማየት ከውሃ ጋር ድስት ውስጥ አድርጎ ማሞቅ ይበቃል፤ በዓይናችሁ እያያችሁት ይከፈታል።

ኩላንትም «የበረዶ አገር ነገር» ተብሎ ተንቋል። ውሃው በረዶ እንዳይሆን ከመከልከሉ በተጨማሪ የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፤ ከዝገትም ይጠብቃል። ለአልሙኒየም ቴስታታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክረምት ላይ ከጉማራ ወይም ከርብ ተቀድቶ የሚሞላው ድፍርስ ውሃ ግን ደለል ነው። ለፎገራ ሩዝ በረከት የሆነው ደለል በራዲያተር ቀጭን ቱቦ ውስጥ ሲረጋ ይደፍነዋል። ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ከቤት ይዞ መውጣት ምን ይከብዳል?

የእኛ አካባቢ ነጂ ሌላም የሚጠብቀው ነገር አለ። ሩዝ በሚወቃበትና በሚፈተግበት ወቅት ገለባውና ገፈራው በነፋስ ይነሣል፤ ምሽት ላይ ደግሞ ከጣና በኩል የሚመጣው ትንኝ አለ። ሁሉም ራዲያተሩ ፊት ባሉት ቀጫጭን ክንፎች መሐል ይሰገሰጋል፣ አየር ይከለክላል። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ ኃይሉ በቀነሰ ውሃ ይታጠብ። የመኪና ማጠቢያው ጠንካራ ውሃ ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል። ብዙዎቹ ባጃጆቻችን ሞተራቸው በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ራዲያተር የላቸውም፤ የሞተራቸው ክንፍ በጭቃ ሲለሰን ግን እነሱም ይታፈናሉ።

መኪና ዳገት ላይ ሞቆባችሁ ስትቆሙ ጎማ ሥር ድንጋይ ታደርጋላችሁ፤ መልካም ነው። ስትነሡ ግን ድንጋዩን ከአስፋልቱ አንሡት። ማታ የሚመጣው ሾፌር አያየውም። ስንት ሰው እዚያው ጥሎት ይሄዳል!

የጋለ ራዲያተርን በፍጹም አትክፈቱ። ክዳኑ ግፊቱን እንደያዘ ውስጥ ያለው ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ ግሎም አልፈላም፤ ክዳኑ በተነሣ ቅጽበት ግፊቱ ይወርድና በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊት ላይ ይፈነዳል። ዓለም በር አካባቢ አንድ ረዳት ክዳኑን በሹራቡ እጅጌ ይዞ ሲያዞር አይቻለሁ፤ ውሃው ከቁመቱ በላይ ነው የወጣው፣ አንገቱና ክንዱ ተላጠ። ተሳፋሪው የቱንም ያህል ቢቸኩል ሞተሩን አጥፍታችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። የላይኛውን ማኒኮቶ በእጃችሁ ጨብጣችሁ ለመያዝ ሲቻላችሁ፣ ወፍራም ጨርቅ አድርጋችሁ ፊታችሁን ዞር አድርጉና ክዳኑን እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ አዙሩ። የእንፋሎቱ ድምፅ እስኪያልቅ ቆዩ፤ ከዚያ ተጭናችሁ አውጡት። ውሃውን ሞተሩ እየሠራ፣ ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ በጋለ ሞተር ላይ በአንዴ የሚደፋ ቀዝቃዛ ውሃ ቴስታታ ይሰነጥቃል።

ሰው ከተቃጠለ የሚደረግለት ያው የጀሪካኑ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ቢቻል 20 ደቂቃ ያህል ቀስ እያለ ይፍሰስበት። ቀለበትና ሰዓት እብጠቱ ሳይመጣ ይውለቁ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቡና አይቀባ፤ ውኃ የቋጠረውም አይፈርጥ። በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጎ ሸፍኖ ቶሎ ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ፊቱ ወይም ዓይኑ ከተነካ ግን መኪናው እስኪበርድ ሳይጠበቅ፣ በሚያልፈው መኪና ይሂድ።