እንዴት ይሠራል? የፈሰሰ የሞተር ዘይትና የደቻቱ አሸዋ

የሞተር ዘይት መሬት ላይ ሲፈስ ቀድሞ የሚሰማው «አቦ፣ ውሃ አምጣ!» የሚል ጩኸት ነው። ጀሪካኑ ይመጣል፣ ኦሞ ይነሰነሳል፣ የጠቆረ አረፋ በቦዩ ይወርዳል፣ ደጁም ጸዳ ይባላል። ድሬዳዋን አቋርጦ በሚያልፈው በደቻቱ ግራና ቀኝ ላለ ሰፈር ግን የቦዩ መጨረሻ ወንዙ ነው። ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ወንዝነቱ ይረሳል። ድሬዳዋ ደግሞ የምትጠጣው ከመሬት በታች ያለውን ውሃ ነው፤ ከዋና ዋናዎቹ ጉድጓዶች ብዙዎቹ ያሉት ሳቢያን አካባቢ ነው። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ በአሸዋ ውስጥ እየሰረገ የከርሰ ምድሩን ውሃ ይመግባል። ስለዚህ አሸዋው ላይ የተደፋ ዘይት ከዓይን ሲጠፋ ወደ ታች መንገድ ጀመረ ማለት ነው።

የመኪና ዘይት ሲቀየር ስህተት የሚፈጠረው ብዙ ጊዜ በሁለት ቦታ ነው። አንዱ ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን ነው፤ በእጅ ይያዝና በቁልፍ ሳይጠብቅ ይረሳል። ሌላው ፊልትሮው ነው፤ ይኸኛው ረቀቅ ያለ ነው። አሮጌው ፊልትሮ ሲፈታ አፉ ላይ ያለው የጎማ ቀለበት አንዳንዴ አብሮ አይወጣም፤ በሙቀት ደርቆ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ጥቁር ጎማ በጠቆረ ብረት ላይ ስለሆነ ዓይን ያልፈዋል። አዲሱ ፊልትሮ የራሱን ቀለበት ይዞ በላዩ ላይ ይታሰራል። ለእጅ በደንብ የጠበቀ ይመስላል። ሞተሩ ተነስቶ የዘይት ፓምፑ በኃይል መግፋት ሲጀምር ግን ከተደራረቡት ጎማዎች አንዱ ከቦታው ይንሸራተትና ዘይቱ መሬት ላይ ይዘረገፋል። የትንሽ የቤት መኪና ሞተር 4 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ የደንገጎን ዳገት ከሚወጡት የጭነት መኪኖች መካከል ከ10 ሊትር በላይ የሚይዙ አሉ። ይህ ሁሉ ባዶ እስኪሆን ብዙ ደቂቃ አይፈጅም።

እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ ሞተሩን አጥፉ። ዘይት ያጣ ሞተር ብረት ከብረት ይፋጭና ይነክሳል፤ ያን ጊዜ ጉዳዩ ከመሬት ማጽዳት አልፎ ሞተር ማውረድ ይሆናል።

ቀጥሎ የሚደረገው ዘይቱን መገደብ ነው። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ የድሬ ፀሐይ ባበሰለው ድንጋይ ላይ የወረደ ትኩስ ዘይት በኮብልስቶኑ መገጣጠሚያ ገብቶ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ለመሮጥ ጊዜ አይወስድበትም። አሸዋ በአካፋ አምጥታችሁ በቁልቁለቱ በኩል ግማሽ ክብ አድርጋችሁ ከምሩ። አሸዋ ለግድብ ጥሩ ነው፤ ለመምጠጥ ግን ደካማ ነው፤ ቅንጣቱ ዘይቱን ወደ ውስጥ አያስገባም፣ በቅንጣቶቹ መካከል ብቻ ይይዘዋል።

የሚመጠው ሰጋቱራ ነው። እንጨት ዛፍ ሳለ ውሃ ወደ ላይ ይወጣባቸው የነበሩ እጅግ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት። በመጋዝ ሲቆረጥም ቱቦዎቹ ተሰባብረው አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ። ዘይት ወደ እነዚህ ክፍት አፎች የሚገባው ኩራዝ ክሩን ይዞ ጋዙን ወደ ላይ በሚስብበት መንገድ ነው። ሰጋቱራው መጀመሪያ ነጣ እንዳለ ይቆያል፤ ከዚያ ከሥሩ ጀምሮ ቡናማ፣ ኋላም ጥቁር እየሆነ ይመጣል። በዚህ ጊዜ በጫማ ሶል አሸት አሸት አድርጋችሁ ጥረጉትና ሌላ ደረቅ ሰጋቱራ ጨምሩ። አዲሱ ሳይጠቁር እስኪቀር መደጋገም ነው። ደረቅ መሆኑ ግድ ነው፤ እንጨት ከዘይት ይልቅ ውሃን ይወዳልና ውሃ የጠጣ ሰጋቱራ ለዘይት ቦታ አይኖረውም። ውሃው መጨረሻ መምጣት ያለበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

ኦሞስ? ኦሞ ዘይት አያጠፋም። በውስጡ ያለው ማጠቢያ ቅመም አንደኛው ጫፉ ውሃ፣ ሌላኛው ጫፉ ቅባት ይይዛል፤ ዘይቱን ወደ ደቃቅ ጠብታዎች ይበትንና ጠብታዎቹ ከውሃ ጋር እንዲሄዱ ያደርጋል። ስለዚህ ብዙው ዘይት በሰጋቱራ ከተነሳ በኋላ ሲሚንቶ ላይ ለቀረችው ጥቁር ምልክት ጥሩ መሣሪያ ነው፦ ዱቄቱን መነስነስ፣ ጥቂት ሙቅ ውሃ፣ ጠንካራ ቡሩሽ፣ ከዚያ አረፋውን እንደገና በሰጋቱራ ወይም በጨርቅ ማንሳት። ገና ከጅምሩ በጀሪካን ውሃ ሲደፋ ግን በአንድ አካፋ የሚነሳ የነበረው ዘይት ሰፈር ሙሉ ይሆናል። በቤንዚን ወይም በናፍጣ ማጠብማ ፈጽሞ አይሆንም። ከእሳቱ አደጋ ሌላ፣ አስፋልትን የሚያያይዘው ሬንጅ ራሱ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚገኝ ስለሆነ ቤንዚን ያሟሟዋል፤ መንገዱ ይፈረፈራል።

ዘይት ምን ያህል እንደሚሰፋ ለማወቅ ቀላል ስሌት አለ። ኩሬ ላይ እንደ ቀስተ ደመና የሚያብረቀርቀው የዘይት ስስ ሽፋን ውፍረቱ የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ገደማ ነው። በዚህ ውፍረት 1 ሊትር ዘይት 1,000 ካሬ ሜትር ውሃ ይሸፍናል። ከአንድ መኪና የፈሰሰው 4 ሊትር 4,000 ካሬ ሜትር ሊያለብስ ይችላል ማለት ነው። በሽፋኑ ሥር ያለው ውሃ አየር እንደ ልብ አያገኝም።

ደቻቱ ሲሞላ ምን እንደሚያደርግ ለድሬ ሰው መንገር አያስፈልግም። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ገድሏል፤ ቤት ከነቤተሰቡ ወስዷል። ወንዙ ያን ያህል ባይሞላም በየክረምቱ አሸዋው ላይ ያገኘውን ሁሉ ያነሳል። በበጋ በየጋራዡ ደጅ የተደፋው ዘይት የመጀመሪያው ጎርፍ ሲመጣ አብሮ ይነሳል፤ ከፊሉ ይወርዳል፣ ከፊሉ ይሰርጋል።

ዘይቱ አፈር ላይ ከፈሰሰ በሰጋቱራ ብቻ አይሆንም፤ መቆፈር ነው። የጠቆረውንና ሽታ ያለውን አፈር ንጹሕ አፈር እስኪታይ ድረስ አንስታችሁ ማዳበሪያ ውስጥ ክተቱ፤ ማዳበሪያው እንዳያሳልፍ ከውስጡ ላስቲክ ይልበስ። ለተፈጥሮ ቢተው በአፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ዘይትን ቀስ በቀስ ይበሉታል፤ እነሱ ግን እርጥበት፣ አየርና ናይትሮጅን ይፈልጋሉ። በደረቅና በተራቆተ የድሬ አፈር ሥራው ዓመታት ይፈጃል።

ማዳበሪያው የት ይሂድ? ይህ ጥያቄ ለእኔ ከማጽዳቱ ይበልጣል። የተቃጠለ ዘይት በአገራችን ብዙ ጊዜ አይጣልም፤ ምስጥ እንዳይበላው የአጥር እንጨት ይቀባበታል፣ የኮንክሪት ቅርጽ ጣውላ ይታሸበታል። ቁጠባው ይገባኛል። ሆኖም የተቃጠለው ዘይት ከአዲሱ ጋር አንድ አይደለም፦ ከሞተሩ የተፋቀ ብረትና መዳብ፣ ጥቀርሻ፣ በቃጠሎ የተፈጠሩ መርዛማ ውህዶችም ገብተውበታል፤ ከአጥሩ ሥር ወርዶ አፈር ውስጥ ይቀራል። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የባዝል ስምምነት የተበላሸ የማዕድን ዘይትን በሚቆጣጠራቸው ቆሻሻዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በብዙ አገሮች የተቃጠለ ዘይት በሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃ ውስጥ በነዳጅነት ይነዳል፤ እዚያ ጥሬ ዕቃው ወደ 1,450 ዲግሪ ስለሚግል ከአብዛኛው መርዝ የሚተርፍ ጥቂት ነው። ድሬዳዋ የሲሚንቶ ከተማ ናት። የደቻቱ ዳር ጋራዦች በጋራ አንድ በርሜል አስቀምጠው፣ ቀበሌው ከፋብሪካ ጋር ቢያገናኛቸው ለከተማዋ ትልቅ ነገር ይሆን ነበር። እስከዚያው ዘይቱ ክዳኑ በጠበቀ ጀሪካን፣ ሰጋቱራው በማዳበሪያ ታስሮ ከእሳትና ከሕፃናት ርቆ ይቀመጥ። እንጀራ መጋገሪያ ውስጥ ማንደድ ግን አይገባም፤ ጭሱን የምትተነፍሰው ጋጋሪዋ ናት።

ለእጃችሁም አስቡ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት በአይጦች ቆዳ ላይ በተደረገ ሙከራ ካንሰር አስከትሏል፤ ጓንት ከሌለ ሁለት ፌስታል እጅ ላይ ማሰር ከባዶ እጅ ይሻላል። የቆሸሸ እጅን በቤንዚን መታጠብ የቆዳን ተፈጥሯዊ ቅባት ይገፋል። ቅባት የሚሟሟው በቅባት ነውና ትንሽ የምግብ ዘይት ከስኳር ጋር አሽታችሁ ጥረጉት፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቡ።

አሮጌው ቀለበት ተነስቶ ፊልትሮው በትክክል ሲታሰር የአዲሱን ጎማ በንጹሕ ዘይት ቀቡ፤ ጎማው ከነካ በኋላ በእጅ ሦስት አራተኛ ዙር ያህል ማጥበቅ ለአብዛኛው ፊልትሮ በቂ ነው። ሞተሩን አስነስታችሁ ጥቂት ደቂቃ ከሥሩ ተመልከቱ። ማታ ንጹሕ ካርቶን ከሞተሩ ሥር አንጥፉና ጠዋት አንብቡት፦ ጠብታው ከቡሎኑ ሥር ከሆነ ቡሎኑን ወይም የእሱን ቀለበት፣ ከፊልትሮው ሥር ከሆነ ፊልትሮውን እዩ። የማር ቀለም ያለው አዲሱ ዘይት ነው። ቀይ ከሆነ ግን ምናልባት የመሪው ወይም የአውቶማቲክ ካምቢዮው ዘይት ነው፤ እሱ ሌላ ጥገና ይፈልጋል።