ከባሌ እስከ ጃፓን፦ የአትሌት ኢብራሂም ጄይላን የኩባንያ ክለብ ሩጫ

በደቡብ ኮሪያዋ ዳጉ ከተማ እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 2011 በተካሄደው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ፣ እንግሊዛዊው ሞ ፋራህ ወደ መጨረሻው ዙር ሲገባ ድሉ የእርሱ መስሎ ነበር። ይሁንና ባሌ የተወለደው አትሌት ኢብራሂም ጄይላን ከኋላው ተነሥቶ በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ቀደመው። ኢብራሂም በ27 ደቂቃ ከ13.81 ሰከንድ፣ ፋራህ በ27 ደቂቃ ከ14.07 ሰከንድ ገቡ። ፋራህ ከዚያ ወዲህ እስከ 2017 ድረስ በዓለም ሻምፒዮናና በኦሊምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ውድድሮች አልተሸነፈም።

ድሉ ብዙዎችን ያስገረመው አሸናፊው በታላላቅ የአውሮፓ ውድድሮች እምብዛም የማይታይ በመሆኑ ነው። ኢብራሂም በዚያን ጊዜ ይኖርና ይሮጥ የነበረው በጃፓን፣ በሆንዳ ኩባንያ ክለብ ውስጥ ነበር።

የጃፓን የኩባንያ ክለብ አሠራር ለአገራችን አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በእኛም ዘንድ መከላከያ፣ ንግድ ባንክና ሙገር ሲሚንቶ አትሌቶችን በደመወዝ ይዘው ያሠለጥናሉ። ልዩነቱ በዓላማው ላይ ነው። የጃፓን ኩባንያዎች ከሁሉ አብልጠው የሚዘጋጁት ኤኪደን ለተባለው የጎዳና ላይ የዱላ ቅብብል ነው። በኤኪደን የሚቀባበሉት ግን ዱላ ሳይሆን ከትከሻ እስከ ወገብ የሚታሰር መቀነት ነው። በየዓመቱ በጃንዋሪ 1 ቀን በሚካሄደው የኩባንያዎች ውድድር ሰባት ሯጮች 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይከፋፈላሉ፤ ሕዝቡም በቴሌቪዥን በቀጥታ ይከታተለዋል።

የውጭ አገር ሯጭ በዚህ ውድድር ያለው ቦታ ጠባብ ነው። አንድ ቡድን ማሰለፍ የሚችለው አንድ የውጭ ዜጋ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም የሚሮጠው በተወሰነለት አጭር ምዕራፍ ነው። ዓመቱን ሙሉ የተከፈለው ደመወዝ በአሠሪዎቹ ዓይን የሚመዘነው ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ሩጫ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። በምትኩ አትሌቱ ቋሚ ገቢ፣ መኖሪያና አሠልጣኝ ያገኛል፤ በየሳምንቱ ለገንዘብ ሲል ከመሮጥም ይድናል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ የማራቶን የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው ኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩ ያደገው በዚሁ መንገድ ነበር።

ኢብራሂም ወደ ጃፓን ያቀናው ያልታወቀ ታዳጊ ሆኖ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2006 ቤጂንግ ላይ የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሆኗል። በዚያው ዓመት በብራስልስ፣ በ17 ዓመቱ፣ 10 ሺህ ሜትርን በ27 ደቂቃ ከ2.81 ሰከንድ ጨርሷል። በ2008 ደግሞ በኤደንብራ የዓለም አገር አቋራጭ የወጣቶች አሸናፊ ነበር። ነገር ግን በአዋቂዎቹ ቡድን ውስጥ በርቀቱ ላይ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ነበሩ። በሌላ አገር ማንም የማይጋፋው ሯጭ በኢትዮጵያ ወረፋ ይጠብቃል።

የትውልድ አካባቢውም በዚህ ረገድ ከእርሱ ጋር የሚመሳሰል ነው። ሮቤና ጎባ፣ ከእነርሱም በላይ ወደ 4 ሺህ ሜትር የሚጠጋው የሳነቴ አምባ፣ ከአምባው ወዲያም ቁልቁል የሚዘረጋው የሃረና ደን፣ ለሯጭ የሚመች ከፍታና አየር አላቸው። ሆኖም የኦሮሚያ ሯጮች ሲነሡ በቅድሚያ የሚጠራው ጎረቤቱ አርሲ፣ በተለይም በቆጂ ነው።

በዳጉው ፍጻሜ ቀነኒሳ ከጉዳት ተመልሶ ውድድሩን አቋርጦ ሲወጣ፣ በ2003፣ 2005፣ 2007 እና 2009 ያስገኘው ወርቅ ከኢትዮጵያ እጅ እንዳይወጣ ያደረገው ኢብራሂም ነው። ኢማነ መርጋም ሦስተኛ ሆኖ ገብቷል። ኢብራሂም በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ አልተሰለፈም።

በቀጣዩ ዓመት በሞስኮ ከፋራህ ጋር እንደገና ተገናኙ። በዚህ ጊዜ ፋራህ በግማሽ ሰከንድ ያህል ቀድሞ ወርቁን ወሰደ፤ ኢብራሂም ብር አገኘ። የነሐስ ሜዳሊያውን የወሰደው ፖል ታኑይም ለጃፓን ኩባንያ የሚሮጥ ኬንያዊ ነበር።