በስልክዎ ላይ የሚታየው የምንዛሪ ዋጋ የዛሬ ነውን?

በጊዜው የደረሰ ትክክለኛ የዋጋ ወሬ ከንግድ ሥራ መሠረቶች አንዱ መሆኑ ለንግዱ ማኅበረ ሰብ ሁሉ የታወቀ ነው። ቀድሞ ይህ ወሬ በሰውና በደብዳቤ፥ ኋላም በቴሌግራፍና በስልክ ይመጣ ነበር፤ ዛሬ ግን ከሽሮ ሜዳው ባለሱቅ ጀምሮ እስከ ትልቁ ላኪ ድረስ ሁሉም በእጁ ከያዘው ስልክ ላይ ያነበዋል። ዳሩ ግን የተነበበው ቍጥር ሁሉ የዚያችው ሰዓት ቍጥር ነው ማለት አይደለም።

ነገሩ ይበልጥ የሚያሳስበው ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ነው። በዚያን ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ስለ ፈቀደ፥ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ባለፈው ዐርብ 57.48 ብር የነበረው አንድ ዶላር ሰኞ 74.73 ብር ሆነ፤ በቀጣዮቹም ቀናት ደጋግሞ ጨመረ። እንግዲህ 1,000 ዶላር የሚመነዝር የጉለሌ ሸማ ላኪ በፊተኛው ሒሳብ 57,480 ብር፥ በኋለኛው ግን 74,730 ብር ያገኛል፤ ልዩነቱ 17,250 ብር ነው። አሮጌውን ገጽ እንደ አዲስ ያነበበ ላኪ ለውጭ ደንበኛው የሚጠይቀውን ዋጋ አሳስቶ ይተምናል፤ ክር አስመጪውም በአሮጌው ሒሳብ ሸጦ ሌላ ክር ለማስመጣት ገንዘቡ ያጥረዋል።

አሮጌው ገጽ ከየት ይመጣል? አንድ ሰው አንድን ድረ ገጽ ሲከፍት፥ በመካከል ያለ መሣሪያ የገጹን ቅጂ ለራሱ ያስቀራል፤ ሁለተኛው ሰው ያንኑ ሲጠይቅም ወደ ዋናው ቦታ ሳይሄድ ቅጂውን ይሰጠዋል። ይህ አሠራር ካሽ ይባላል። ባለሱቅ ደንበኛ በመጣ ቍጥር መርካቶ ከመሮጥ ይልቅ ዕቃውን በጓዳው እንደሚያከማች መሆኑ ነው። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት፥ ከዓለም ጋር የሚያገናኛት መስመር እንደ ጅቡቲና ኬንያ ባሉት ጎረቤቶች በኩል ያልፋል፤ ስለዚህ ቅጂን በአገር ውስጥ ማስቀመጥ ጊዜንም ወጪንም ይቈጥባል። ይሁን እንጂ ሳሙና በጓዳ ቢከርም አይጎዳም፥ ወተት ግን ካደረ ይጎመዝዛል። ፎቶግራፍና ፊልም እንደ ሳሙናው፥ የምንዛሪ ዋጋና የቡና ገበያ ዋጋ እንደ ወተቱ ናቸው።

ቀድሞ በብዙ አገሮች ቅጂውን የሚያስቀሩት የኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅቶች ራሳቸው ነበሩ። አሁን ግን አብዛኛው ድረ ገጽ ኤችቲቲፒኤስ በሚባለው አሠራር እንደ ታሸገ ደብዳቤ ተዘግቶ ስለሚላክ፥ የገጹ ባለቤት ካልፈቀደ በቀር አቅራቢው ከፍቶ ሊያነበውም ሊያስቀረውም አይችልም። ስለዚህ ዛሬ አሮጌ ዋጋ ሲገኝ ቅጂው ያለው ብዙውን ጊዜ በራሳችን ስልክ ውስጥ፥ ወይም የገጹ ባለቤት ለፍጥነት ብሎ በተከራያቸው ሰርቨሮች ላይ ነው። ሳያጣሩ አቅራቢውን መውቀስ አይገባም።

ለማጣራትም መንገዱ ቀላል ነው። በመጀመሪያ ከዋጋው አጠገብ የተጻፈውን ቀንና ሰዓት መመልከት፤ ቀጥሎ ገጹን እንደገና መጫን፤ ያም ካልበቃ የቀድሞ ቅጂ በማይጠቀመው በግል መስኮት መክፈት ነው። በኢትዮ ቴሌኮም መስመር የታየውን በሌላ ስልክ በሳፋሪኮም መስመር ማስተያየትም ይጠቅማል። ሁለቱ ከተለያዩ፥ አንደኛው አሮጌ ቅጂ ነው። ውል ከመፈረም በፊት ግን ወደ ባንኩ ቅርንጫፍ ደውሎ መጠየቅን የሚተካ ነገር የለም።

የራሱን ዋጋ በድረ ገጽ የሚያወጣ ነጋዴም ግዴታ አለበት። እያንዳንዱ ገጽ ስንት ጊዜ ሊቀመጥ እንደሚገባው የሚናገር ትእዛዝ አብሮት ይላካል። «ኖ ስቶር» የሚለው ትእዛዝ ከነጭራሹ አታስቀምጥ ማለት ነው፤ «ኖ ካሽ» የሚለው አስቀምጥ፥ ነገር ግን ከባለቤቱ ሳትጠይቅ አትስጥ ማለት ነው፤ «ማክስ ኤጅ» ደግሞ ዕድሜውን በሰከንድ ይወስናል። ገጹን የሠራው ባለሙያ ለዋጋ ሰንጠረዡ 86,400 ሰከንድ ከጻፈ፥ ደንበኛው አሮጌውን ዋጋ እስከ አንድ ሙሉ ቀን ሊያይ ይችላል። ለነጠላውና ለጋቢው ሥዕል ይህ ጊዜ አይበዛም፤ ለዋጋው ግን 60 ሰከንድ እንኳ በጥንቃቄ የሚሰጥ ነው። ይህን ከባለሙያው አስቀድሞ መጠየቅ የነጋዴው ፈንታ ነው።

በመጨረሻም በፕሮፎርማ ላይ ዋጋ ሲጻፍ ሒሳቡ የተሠራበትን ምንዛሪ፥ ምንዛሪው የታየበትን ቀንና ሰዓት፥ ዋጋውም እስከ መቼ እንደሚጸና አብሮ ማስፈር ይገባል። እንዲህ ከተደረገ፥ ዋጋ በመካከሉ ቢለወጥ እንኳ ሻጭና ገዢ የሚከራከሩበት ነገር አይኖርም።